ሽማግሌ የተላከለት መንገድ

ልጅ እያለሁ ከቴክሳሷ ማኪኒ ከተማ ወጣ ብሎ የምንኖርበት መንገድ አስፋልት አልነበረውም። የትምህርት ቤት ባስ ሲያልፍ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የእርጥብ ሣርና የከብት ሽታ ሳሎን ድረስ ይገባል። መንገዱ ኪልዳሮክ ይባል ነበር።

ስሙን ያወጡት የአዛውንቱ ጎረቤታችን የሚስተር ዳንከን ቅድመ አያቶች ናቸው። የመጡት ኪልዳሮክ ከምትባል የስኮትላንድ መንደር ሲሆን፣ ትርጉሙ በጥንቱ ቋንቋቸው «ባሉጥ ዛፍ ሥር ያለች ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው አሉን። የመንደሯን መንገድ ያቀናው የቀባሪ እግር ነው፤ አስከሬን በትከሻ ተሸክመው፣ በየድንጋዩ እያሳረፉ፣ ተራራ አቋርጠው እዚያች ቤተ ክርስቲያን ይቀብሩ ነበር። ቴክሳስ ገብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲቀብሩም፣ ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ በዚያው ስም ጠሩት። አባዬ ራሱ አገር ቤት በደብር ስም በሚጠራ ሰፈር ስላደገ ነገሩ ወዲያው ገባው።

ታዲያ አንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ መሬቱን ገዛና መንገዱን «ጎልደን ሌክ ድራይቭ»፣ የወርቅ ሐይቅ ጎዳና፣ ሊለው ተነሣ። ሐይቅ ቀርቶ ዳክዬ የምትታጠብበት ኩሬ እንኳ አልነበረም። ሚስተር ዳንከን ምግብ አልበላ አላቸው። አባዬም «የጎረቤት ስም ሲፋቅ ዝም ማለት ነውር ነው» አለና ያገሩን ነገር አደረገ፤ ሽማግሌ ላከ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት አዛውንቶችን በሚነዳው ታክሲ ጭኖ ኩባንያው ቢሮ አደረሳቸው። ላኪ አብሮ አይገባምና እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ሥራ አስኪያጁ ተቀመጡ ቢላቸው እሺ አላሉም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል መች ይቀመጣል። ሰውየው ወንበሩ ያልተመቻቸው መስሎት ሌላ አስመጣ።

«ንገሪው ልጄ፣» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ታደሰ፣ «የሙት ስም አይፋቅም። መንገዱን እንዳለ ይተውልን።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሰውየው ፈገግ ብሎ የሚሸጡ ቤቶች ፎቶ ያለበት ብሮሹር አደላቸውና «እናስብበታለን» አለ። እነሱም ይህን እንደ እሺታ ቆጥረው ተቀመጡ፤ መርቀውትም ወጡ። ምሥራቹን ስንነግራቸው ሚስተር ዳንከን እጄን ይዘው አለቀሱ።

በወሩ የኪልዳሮክ ታፔላ ተነቅሎ ቆሻሻ መኪና ላይ አየሁት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እምቢ ማለት ምን ነበረበት? ሦስት ሽማግሌ ፊቱ ቆመው ምርቃታቸውን ሲቀበል ትንሽ አያፍርም?

ያኔ መንገድ ስም የሚያገኘው ከሄደበት ሰው ነበር፤ አሁን ከብሮሹር ነው። አባዬም ሚስተር ዳንከንም አልፈዋል። እኔም አድጌ እዚያው ሰፈር ቤት ገዛሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ የሰፈሯን ስም ታሪክ እንድትጽፍ የቤት ሥራ ተሰጥቷት መጣች።

«ሶ፣ እማዬ፣ ሌኩ የት ነው?» አለችኝ።

ለሥራ እየረፈደብኝ ነበር። «ድሮ ደርቋል መሰለኝ» አልኳት።

እሷም ጻፈችው።