ቀጥ ብሎ የሄደ

እርጥብ ደንገል በሸተተኝ ቁጥር ከአባዬ ጋር ጣና ዳር የቆምንበት ምሽት ይመጣብኛል። ታላቅ ወንድሜ ወደ ቁንዝላ የተሳፈረባት ጀልባ ከጠፋች ሳምንት ሆኗት ነበር። ሲፈልጉ የሰነበቱትም ተስፋ ቆርጠው ተመልሰዋል።

አባዬ የፊዚክስ መምህር ነበር። ምድር ክብ መሆኗን ያስተማረኝ እሱ ነው።

"ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቢሄድ በዚያኛው በኩል ዞሮ ይመጣል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ምድር ላይ ከሆነ፣ አዎ" አለኝ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል። "ጠፈር ግን እስከተለካው ድረስ ዝርግ ነው ይላሉ። ዝርግ ማለት እንደ ወረቀት ስስ ማለት አይደለም። ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የተጓዙ ሁለት መንገደኞች የቱንም ያህል ቢርቁ አይገናኙም፣ አይራራቁምም ማለት ነው። እዚያ ቀጥ ብሎ የሄደ ዞሮ አይመጣም።"

"ወንድሜ የሄደው ታዲያ በየትኛው ነው?"

ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ።

ወንድሜ አልተገኘም። አባዬ ግን እስኪያርፍ ድረስ የግቢውን በር እንድንቀረቅር አልፈቀደልንም። ዛሬ በዚያ ቤት ብቻዬን እኖራለሁ። ሲመሽ ልቀረቅረው እነሣለሁ፤ እጄ ግን እስካሁን እሺ አላለኝም።