እጀ ጠባብና እጀ ሰፊ

ሁለቱ እህትማማቾችና እኔ የምንለያየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ እያጓራ እንኳ የእነሱ ሳቅ ይሰማኝ ነበር። የሚተዳደሩት ቤታቸው ውስጥ ሹራብ እየሠሩ ነው። ታናሽየዋ ክሩን አጥብቃ ስለምትሠራ ታላቋ «እጀ ጠባብ» ትላታለች። እሷም በተራዋ ታላቋን «እጀ ሰፊ» ትላታለች፤ እውነቷን ነው፣ የታላቋ ሥራ ከመላላቱ የተነሳ ለሕፃን ብላ የጀመረችው ለአባትየው ልክ ይሆናል። አንዴ ሥራ በዛባቸውና አንድ ሹራብ ግማሽ ግማሹን ተካፍለው ሠሩ። ባለቤቱ ለብሶት እኔ ቤት መስታወት ፊት ቆመና፣ «ግራዬ ወፈረ ወይስ ቀኜ ከሳ?» ብሎ ጠየቀን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ አትነካም።

ከሥራ የተረፈ ክር አይጥሉም፤ ስንዝር የማትሞላዋን ሳይቀር አሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ያጠራቅማሉ። ታላቋ ቁርጥራጩን ትቀጥልና ቋጠሮውን በውስጥ በኩል ትደብቃለች፣ ታናሽየዋ ደግሞ ለልጇ ዥንጉርጉር ሹራብ ትሠራበታለች። ልጅቷ አባቷን አታውቅም፤ ያሏት እናቷና አክስቷ ናቸው። ቁመት በጨመረች ቁጥር አዲስ ይሠራላታል። «ይሄ አረንጓዴ የሐኪሙ ነው፣ ይሄ ቀይ የሙሽራዋ» እያለች ለጓደኞቿ ሰፈሩን ደረቷ ላይ ታስጎበኛቸዋለች።

ታናሽየዋ ስትታመም የዘንድሮውን ሹራብ አልጋ ላይ ሆና ጀመረችው። «ተይው፣ እረፊ» ስንላት፣ «እኔ ሳርፍ ማን ሊሠራው ነው?» ትለናለች። ፊቱና ጀርባው አለቀ፣ አንዱ እጅጌም አለቀ። ሁለተኛው እጅጌ ክርኑ ላይ ሲደርስ ሞተች። ምናለ ሞት ትንሽ ቢታገሣት!

ልጅቷ ጠብ የሚል እንባ አልወጣትም፤ እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል አክስቷን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«አክስቴ፣ ሹራቤ እንዲሁ ሊቀር ነው?»

«ለምን ይቀራል? እጨርሰዋለሁ።»

«እንደ እማዬ አርገሽ ነው ግን። የሷን ካልመሰለ አልለብሰውም።»

«ይመስላል፣ እናቴ።»

ቃል መግባቱስ ቀላል ነው። ታላቋ ከክርኑ ስትቀጥል እጅጌው እንደ ጆንያ ሰፋ። ተረተረችው። በቀጭን መርፌ ሞከረች፤ አሁንም ላላ። ተረተረችው። ክሩ ራሱ ትርፍራፊ ነው፤ በተተረተረ ቁጥር ይሳሳል፣ ይበጠሳል፣ እሷም መልሳ ትቋጥራለች።

«እትዬ፣ ልጅ አይደለች እንዴ፣ በምን ታውቀዋለች?» ብላት ዐይኗን አፈጠጠችብኝ።

«የማታውቅ ይመስልሻል? እዚያ እጅ ላይ እኮ ነው ያደገችው!»

ከዚያ ክሩን ጣቷ ላይ ደርባ እየጠመጠመች፣ እየጎተተች ትሠራ ጀመር። ክሩ ጣቷን ቆረጠው። በፋሻ አሰረችውና ቀጠለች። በግድግዳው በኩል ሳቅ ቀርቶ የምሰማው፣ «ጠበቅ አርጊው፣ ጠበቅ» እያለች ከራሷ ጋር ስታወራ ሆነ። አንጀቴን በላችው። ስንቴ ስፌቴን አቁሜ አልቅሻለሁ።

በመጨረሻ ገጠመላት። እኔ በስንት ዘመን ሙያዬ ውስጡን ከላይ አገላብጬ አየሁት፤ የቱ ጋ እንደተቀጠለ አጣሁት። ደስ ብሎን ተቃቀፍን።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ለበሰችው። ልኳ ነው። አክስቷ አጠገቧ ቆማለች። ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነችና እጅጌውን ከትከሻዋ ጀምራ በጣቷ እየዳበሰች ወረደች። ክርኗ ላይ ስትደርስ ቆመች። ትንሽ ወደ ላይ ተመለሰች፣ እንደገና ወረደች፣ እዚያው ቆመች።

«አክስቴ» አለች፣ «እማዬ የሞተችው እዚህ ጋ ነው?»

ልዋሻት አፌን ከፍቼ ነበር። አክስቷ ቀደመችኝ። ፋሻ የታሰረ ጣቷን ከልጅቷ ጣት አጠገብ አሳረፈች።

«አዎ፣ የኔ ልጅ። እስከዚህ እሷ ናት። ከዚህ ወዲያ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።