ዛሬ ቮልሳችን የእውነት ፍሬን በጠሰች

"ፍሬን በጠሰች!" ብዬ ዛሬ ከዶርዜ ስንወርድ ስጮህ፣ ባለቤቴ ሳቀች።

አልፈርድባትም። በዚች አሮጌ ቮልሳችን ቁልቁለት በወረድን ቁጥር እንዲህ እያልኩ ሳስደነግጣት ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

ዛሬ ግን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ መኪናዋም ጭራሽ ፈጠነች። የፍሬን ዘይቷን "ነገ እቀይራለሁ" ስል የከረምኩት እኔው ነኝ።

"በእግዚአብሔር እውነቴን ነው!"

"ባለፈውም ምለህ ነበር፣ አንተ ሽማግሌ።"

ከፊታችን ኩርባ፣ ከኩርባው ማዶ ገደል። ማርሹን ወደ አንደኛ መለስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፣ ጎኗን ከተራራው አፈር ጋር እያፋተግኩ በስንት መከራ አቆምኳት።

ፔዳሉ ወለሉ ላይ እንደቀረ ስታይ ሳቋ ጠፋ። ሁልጊዜ እግሯ ሥር የምታስቀምጠውን የእንጨት ታኮ ይዛ ዘላ ወረደች፤ ጎማው ሥር ወሽቃ እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ ለልጃችን ደወለች። "ፍሬን በጥሰን ለጥቂት ተረፍን፣ ቶሎ ና!" አለችው።

"እማዬ፣ አባዬ አንቺንም አስለመደሽ?" ብሎ እየሳቀ ዘጋው።

አሁንም መንገድ ዳር ነን። እናንተስ በቀልዳችሁ ምክንያት እውነታችሁን የሚያምን ያጣችሁበት ቀን አለ? አጫውቱኝ። መጀመሪያ ግን አርባ ምንጭ ያላችሁ፣ እባካችሁ እውነት መሆኑን ለልጄ ንገሩልኝ።