የተቆረጠው ስንኝ

ካርቱም ውስጥ፣ ከዐማራት ሰፈር ወደ ሐጅ ዩሱፍ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዶት፣ አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ራሱ ከመስኮቱ ብረት ጋር ይጋጭ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ሻርፗን ከትከሻዋ አነሳች፤ አጠፈችና ቀስ ብላ በራሱና በብረቱ መካከል አስገባችው። ሽማግሌው አልነቃም። እሷም ማን እንዳያት ለማወቅ ዘወር አላለችም።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሰው ስላሳየኝ አላህን አመስግኜ ስልኬን ከፈትኩና የምወደውን መንዙማ አሰማሁ። ያኔ ዘወር አለች። ፊቷ ክፉ ሆኗል።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከነጂብ ሱቅ ነው ያስጫንኩት። ሰው ሁሉ ያለው ነው።»

«ሰው ሁሉ! ድምፁ የኔ ነው። ሰው ሁሉ እኔን አስፈቅዶ ነው?»

እኔ ራሴ ለሦስት ወዳጆቼ አስተላልፌዋለሁ፤ ማንን ማስፈቀድ እንዳለብኝ አስቤ አላውቅም።

ከውሰር ትባላለች። ይህ የሆነው የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ከወሎ ወጥታ ካርቱም ከገባች ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዐማራት ውስጥ ኒዕማ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ቤት ትሠራለች፤ ልብስ ስትተኩስም ወለል ስትወለውልም መንዙማ ከአፏ አይለይም። ዓርብ ዓርብ፣ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ከጓደኛዋ ከጀሚላ ጋር ወደተከራየችው ክፍል ትመጣለች። በመውሊድ የወሎ ሴቶች ተሰብስበው እሷ አውጥታ፣ ሌሎቹ ተቀብለው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ድምፅዋ እዚህ ረክሻ ከሚሉት ከየባጃጁ ይሰማ ጀመር።

«ይቅዱት፣ ግዴለም» አለችኝ ስንወርድ። «መንዙማ ለነቢ ነው፤ አይከለከልም። ግን የመጨረሻዋን ስንኝ ሰረቁኝ። ስሜ እዚያ ነበር።»

እውነቷን ነው። መንዙማ ገጣሚ ስሙን የሚያኖረው በመጨረሻው ስንኝ ላይ ነው፤ ሌላ ፊርማ የለውም። እኔ ስልክ ላይ ያለው ግን እዚያ ሳይደርስ ይቋረጣል። ሚሞሪው ሞልቶ መስሎኝ ነበር።

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«የማልጠረጥረው ማን አለ? ነጂብን እጠረጥራለሁ። ማዳሜንም፤ ስልኳን የማትጥል ሰው ናት። እርስዎንም።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ነጂብ ስልክ እየጠገነ፣ ለሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየጫነ የሚኖር ነው። እናቱ ጎንደሬ ናት፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«ምን ሆነሃል፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ?» አላት ተከትያት ሱቁ ስንገባ።

«ሆነሃል አትበለኝ፣ ሌባ!»

«ወላሂ ሌባ አይደለሁም! እኔ ካሮ ነኝ» አለ፤ በበሩ የሚያልፈውን፣ ውኃ የጫነ የአህያ ጋሪ እያሳየ። «ውኃው የአላህ ነው። ሰው የሚከፍለው ለካሮው ነው።»

«ጉድጓዱንስ ማን ቆፈረው?»

ነጂብ ራሱን አከከ። «ጀሚላ ነው ያመጣው። ስልኬ ሞላ፣ ወደ ሚሞሪ ገልብጥልኝ አለ። እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ የጠየቀኝን ሁሉ ጫንኩለት። እኔ ግን አልቆረጥኩም። ቆራጣ ሆኖ ነው የመጣው።»

ከውሰር ቀለሟ ተለወጠ። ከጀሚላ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል፤ ወባ ጥሏት ያስታመመቻት ጀሚላ ናት።

«ይምጡ» አለችኝ፣ «ምስክር ይሆኑኛል።»

ጀሚላ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ስሜን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?»

ጀሚላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እኔ ነኝ።»

«በምን ቀንተሽ?»

«ስንኟን በያት እስቲ። እኒህም ሰው ይስሟት።»

ከውሰር ቀና ብላ አለቻት፦

ከደጅህ ቆማለች ከውሰር ያንተ ባሪያ፣
ሌላ ደጅ የላትም ከደጅህ ወዲያ።

«ታዲያ እኛ አገር እንደዚህ ነበር የምትባለው?» አለች ጀሚላ።

ጀሚላ ሳትጠብቃት ቀጠለች።

«‹ዘምዘም ያንተ ባሪያ› ነው የሚለው። ዓይኗ ሳይጠፋ እማ ዘምዘም የገጠመቻት ናት፤ የናቴ ጎረቤት። አንቺም ከሷው አፍ ነው የለቀምሽው። እኔ ድምፅሽ ቢያምረኝ በስልኬ ቀድቼ ለእህቴ ልልክላት አልኩ። ስምሽን ብተወው ውሸት ሊሆን ነው፤ እውነቱን ብናገር አንቺን ላዋርድሽ ነው። ቆረጥኩትና ተገላገልኩ። ነጂብ ያስቀረዋል ብዬ መቼ አሰብኩ!»

ከውሰር ተገልብጦ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ዘምዘምም የመካ ውኃ፣ ከውሰርም የጀነት ውኃ» አለች። «ዜማው ላይ ልክክ አለልኝ። ደግሞስ ሱዳን ድረስ ማን ተከትሎኝ ያውቃል አልኩ።»

«ስልክ ተከተለሽ!» አለች ጀሚላ፤ ሳቋ አመለጣት።

ከውሰር አልሳቀችም። ግን ከባልዲው ተነሥታ የቀረውን ልብስ ታቀብላት ጀመር። ሰው ከእንዲህ ያለ ጥፋት መመለስ ይችላል ብዬ አምን ነበር፤ ሲመለስ ሳይ ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

ልሰናበት ስል ጠራችኝ።

«አያ! አውቶቡስ ላይ ደብተር ይዘው አይቻለሁ። ይጽፋሉ አይደል?»

«ራሴን ያስተማርኩትን ያህል።»

«እማ ዘምዘም በሕይወት አለች። የጀሚላ እህት ታነብላታለች። ደብዳቤ ይጻፉልኝ። አፉ በይኝ ብላለች ይበሉልኝ። ከፈቀደች ስንኟን ሙሉ አድርጌ፣ በስሟ፣ እንደገና አወጣታለሁ፤ ነጂብም እሱን ይጭናል። ካልፈቀደች አፌን እይዛለሁ።» ትንሽ አሰበችና ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ሲጨርሱም እስከ መጨረሻው ሳያነቡልኝ እንዳይልኩት። እርስዎም ቆርጠው እንዳያስቀሩብኝ።»