ልጄን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ራሴ ልድራት ነበር

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ያን ሰሞን ሆዴ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ሰው እየጨመረ ከሚያወራው ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

የምኖረው አምቦ ነው። ገበያው አጠገብ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እሸጣለሁ። የተወለድኩት ጎጆ ነው፤ ያ ጄልዱ ወረዳ ያለው ብርዳም ከተማ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ወጣሁ። ማንበብ እችላለሁ፣ ግን ጣቴን እያስከተልኩ ነው። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ሐዊ። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ድረስ መጽሐፍ የሚያከራይ አንድ ሱቅ ተቀጥራ ትውል ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ልብሷን ላጥብላት ብዬ የጃኬቷን ኪስ ስገለብጥ ትንንሽ ወረቀቶች ወጡ። ሰባት ናቸው። የእያንዳንዱ የእጅ ጽሕፈት የተለያየ ነው። ወደ ኪሱ ልመልሳቸው ስል «ልጅቷ» የሚል አየሁና እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው «ልጅቷን ለዚያ ለሸመገለ ነጋዴ መስጠት ግፍ ነው፤ ሾፌሩ ይሻላታል» ይላል።

ሁለተኛው «አገናኟን በጣም ነው የወደድኳት። ማንም ሳያውቅባት ሁሉን ነገር ጨርሳው ነው የምትገኘው» ይላል።

ሦስተኛው «ቅዳሜ ዕለት በመስኮት መውጣቷ አሳቀኝ። ደግ አደረገች» ይላል።

አራተኛው ላይ ስደርስ ሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «እናትየዋ ግን እንዴት ያለች ሞኝ ናት። አፍንጫዋ ሥር ሆኖ አታይም» ይላል። ሳፋው ተገለበጠና ውሃው ከነአረፋው እግሬ ላይ ፈሰሰ።

አምስተኛው ሰርጉን አጣደፉት የሚል ነው። የቀሩት ሁለቱ የሐኪም ጽሕፈት የመሰሉ ስለነበሩ ተውኳቸው። የሚያስፈልገኝን አንብቤ ጨርሻለሁ። ሰባት ሰው ልጄን ለማን እንስጥ እያለ ይመካከራል፣ ሞኟ እናት ደግሞ እኔ ነኝ።

አገናኟ ማን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ሰፈራችን ውስጥ ቅቤ የምትሸጥ አዴ ብሪቱ አለች። የዚህ አካባቢ ግማሹ ትዳር በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ልጇ ገመቹ ደግሞ ሾፌር ነው፤ ሸነን ድረስ እህል የሚጭን አይሱዙ ይነዳል። አገናኝም ሾፌርም አንድ ቤት። በዚያው ሳምንት ቅቤ ስትጠቀልልልኝ «ሐዊ ዕድሜዋ ስንት ደረሰ?» ብላኝ ነበር። እኔም ሃያ ሁለት ብዬ እንደ ሞኝ መልሼላታለሁ።

ከዚያ መስኮቱን ሄጄ አየሁ። ብረት አለው። በዚህ ሰው አይወጣም ብዬ ልጽናና ስል፣ ሐዊ ቀጭን ናት የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ልሞክረው ብዬ ራሴን በብረቶቹ መሀል አስገባሁ። ገባ። ሲወጣ ግን ጆሮዬ ላይ ያዘ። ሻሼን ፈትቼ ብዙ ከታገልኩ በኋላ ነው የወጣሁት። ጭንቅላት ካለፈ ሌላው ያልፋል ማለት ነው ብዬ የድንች ጆንያ ጎትቼ መስኮቱ ሥር ደረደርኩ።

ልጅሽን ለምን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። ከጠየቅኳት ትነቃና ዛሬውኑ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞ መጠየቅ እኔ ያደግኩበት ነገር አይደለም። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አራት ሰው ተሸክሞ ነው የወሰደኝ። እንስራዬ እዚያው ተሰበረ። የወሰደኝ ሰው በኋላ ባሌ ሆነ፤ ነፍሱን ይማር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እናቴን ያየኋት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ለሐዊ ነግሬያት አላውቅም ነበር። የእኔ ልጅ በማንም ምክር እንዳትወሰድ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ዓርብ ዕለት ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ በዕድሜም በንግግርም የተከበሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። «አዴ ብሪቱ ቤት ሄደው ልጃችሁ ዓይኑን ከልጄ ላይ ያንሳ ይበሉልኝ» አልኳቸው።

«ጫልቱ፣ የሴት ወገን ጃርሳ ሲልክ እኔ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። ጃርሳ የምንለው ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌን ነው።

«ለጋብቻ አይደለም እኮ ኦቦ ቶሎሳ። ለመከልከል ነው።»

«ለመከልከልም ቢሆን አካሄዱ ያው ነው» አሉኝ። ይህን ቃል ያኔ ልብ ባለማለቴ ነው የተጎዳሁት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ኦቦ ፈይሳን አስከትለው ሄዱ። ኦቦ ፈይሳ ጥሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ። እኔ የድንች ጆንያው ላይ ተቀምጬ መስኮቱን እጠብቃለሁ። ሐዊ ምንም ሳታውቅ ቁርሷን በልታ በበሩ ወጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ሰፈር እልልታ ሰማሁ። ማን ወለደ ይሆን ብዬ ደስ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። የሁለቱም ጢም በቅቤ ያብረቀርቃል።

«እንዴት ሆነ?» አልኩ።

«ተቀበሉን» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«ምኑን ነው የተቀበሏችሁ?»

ተቀመጡና ምርኳዛቸውን አስደግፈው ያስረዱኝ ጀመር። «በደንቡ መሠረት በር ላይ ቆምን። ግቡ አሉን። የመጣንበትን እሺ ሳትሉን አንቀመጥም አልን። አዴ ብሪቱ የማን ጉዳይ ነው ብላ ጠየቀች። የገመቹና የሐዊ ጉዳይ ነው አልኩ። ቀጥዬ ልናገር ስል እሺ ብያለሁ ብላ እልል አለች። ጎረቤት መጣ።»

«ታዲያ አያስቆሟትም?»

«እሺ በይን ብዬ ለምኜ፣ እሺ ስትል እንዴት ላስቆማት? ስንት ዘመን ሙሉ ሰው ደጅ ቆሜ እሺ በሉን ስል ኖሬያለሁ። እዚያው በዚያው እሺ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምን እንደሚባል አላውቅበትም።»

ኦቦ ፈይሳ «ጭኮውም ጥሩ ነበር» አሉ።

«ጭኮ በላችሁ?»

«በእልልታ የቀረበ አልበላም ይባላል እንዴ? ነውር ነው።»

ጭኮ በበሶና በቅቤ የሚለወስ ነው፤ እኛ አገር ለክብር የሚቀርብ ነው። እሱን በልቶ ነገሩ እኮ ሌላ ነው ማለት አይቻልም። ልጄን እንዳይወስዱብኝ ብዬ በገዛ ሽማግሌዎቼ ሰጥቻት አረፍኩ።

ሽማግሌዎቹ ገና ሳይወጡ ገመቹ እየሮጠ ገባ። እጁ በግሪስ እንደተለቀለቀ ነው። ሐዊ ሥራ ላይ መሆኗን እንኳ ረስቼ፣ ሊጠልፋት የመጣ መስሎኝ ተነሥቼ በሩን ያዝኩ። ልጁ ግን ከእኔ የባሰ ፈርቷል።

«ማሎ፣ እባክዎ አዴ ጫልቱ፣ እምቢ በሉኝ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እምቢ በሉኝ። እኔ ሸነን የምወዳት ልጅ አለችኝ። እናቴ የሰውን ሁሉ ታገናኛለች፣ የእኔን ልንገራት ብዬ ፈርቼ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እንደው የእኔ ጥፋት ምንድን ነው? ሐዊን ከሰላምታ በቀር አናግሬያት አላውቅም።»

«በመስኮት የወጣችው ታዲያ ከማን ጋር ነው?»

«የምን መስኮት?» አለ። ዞሮ መስኮቱን አየ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ እኔን አየ። ኦቦ ቶሎሳ መሬት መሬት ያያሉ።

በዚህ መሀል ሐዊ ከሥራ መጣች። ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ግራ ገብቷት ፈቃድ ጠይቃ ነው የወጣችው። በሩ ላይ ቆማ ሁላችንንም አየችን።

«ሀርሜ፣ አግብተሻል አሉኝ። ማንን ነው ያገባሁት?»

ሀርሜ የምትለኝ እኔን እናቷን ነው። ወረቀቶቹን አውጥቼ ፊቷ ዘረገፍኩ። «በቅድሚያ አንቺ ይህን ንገሪኝ» አልኳት።

አንዱን አነሣች፣ ሌላውን አነሣች። ከዚያ ግድግዳው ሥር ተንሸራታ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከቦርሳዋ አንድ መጽሐፍ አወጣች። ሰው ስለምታጋባ አንዲት ሴት የተጻፈ፣ የፍቅርና የሳቅ ልብ ወለድ ነው። ተከራይቶ የሚመልሰው ሰው ሁሉ እንዴት እንዳገኘው በወረቀት እንዲጽፍላት ታደርግና የሱቁ በር ላይ ትለጥፈዋለች ለካ። ሌላው አይቶ እንዲከራይ ነው። ልጅቷም፣ አገናኟም፣ ሾፌሩም፣ ሞኟ እናትም መጽሐፉ ውስጥ ናቸው።

እኔ ሰው መጽሐፍ አንብቦ እንዲህ አስተያየት እንደሚሰጥ የት አውቄ። ሰው ስለ ሰው ሲያማ ነው የማውቀው።

«ስለዚህ ሾፌሩ እኔ አይደለሁም?» አለ ገመቹ።

«አይደለህም» አለች ሐዊ።

«ተመስገን» አለ።

«ኧረ እንዲህም አይባልም» አለችው። ትንሽ ቅር ብሏት ነበር።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ሐዊ ሳቋን አቆመች። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ሀርሜ፣ የሰው ወረቀት አነበብሽ፣ ሁለት ሽማግሌ ላክሽ፣ መስኮት ዘጋሽ። እኔን ግን አንድ ቃል አልጠየቅሽኝም» አለች።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከዚያ የጎጆን ነገር፣ የወንዙን መንገድ፣ አራቱን ሰዎች፣ ሁሉንም ነገርኳት። በሕይወቴ ሳወራው የመጀመሪያዬ ነበር። ሐዊ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «አባዬ በኋላስ ጠይቆሽ ያውቃል?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ፣ ታሞ ተኝቶ ሳለ። ብጠይቅሽ ኖሮ እሺ ትይኝ ነበር ወይ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እንጃ አልኩት።»

ተነሥታ አቀፈችኝ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ያለውን ጭረት አይታ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ እንደገና ስትስቅ ዋለች።

እሑድ ከሰዓት ሁለታችን አንድ ዘንቢል የጎጆ ድንች ይዘን አዴ ብሪቱ ቤት ሄድን። እውነቱን ነገርናት። ተቆጣች። «ጭኮዬን በልታችሁ?» አለች። ዘንቢሉን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት። ያኔ ገመቹ ከጓዳ ወጣና እንደምንም ብሎ የሸነኗን ልጅ ነገራት። አዴ ብሪቱ ቁጣዋን ረሳች። እኛን ትታ ልጁን አስቀምጣ የልጅቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት አስቆጠረችው። አራተኛው ላይ ሲንተባተብ እኔ ለእሱ ላብ ላብ አለኝ። አለመዛመዳቸውን ስታረጋግጥ «ይሁን» አለች።

ስንወጣ ጠራችን። «እንዴ ሐዊ፣ ያቺ መጽሐፍ ላይ ያለችው አገናኝ ከእኔ ትበልጣለች?»

በዚህ ተጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ሐዊ መጽሐፉን ለሁለታችን ስታነብልን ከረመች። አዴ ብሪቱ ቅቤዋን እያገላበጠች ትሰማና ታቋርጣለች። «ዘር ሳትጠይቅ ታጋባለች? ይህን የጻፈው ሰው አገር አያውቅም» ትላለች። ስንጨርስ አስተያየቷን ሐዊ ጻፈችላት። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ጥሩ ሞክሯል የሚል ነው። የእኔን ግን ራሴ በጣቴ እየለካሁ ጻፍኩት። «እናቷ በሩን ብትተውላት ልጅቷ በመስኮት አትወጣም ነበር» አልኩ። ሐዊ ፊደሌን ሳታርም ከሌሎቹ ጎን ለጠፈችው።

ሸነን ጃርሳ የሄዱት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። እዚያ አስበን እንነግራችኋለን ብለው በቀጠሮ ሲመልሷቸው፣ ሥርዓት የሚያውቅ ቤተሰብ ነው ብለው በደስታ መጡ።

አሁን ሐዊ ጎጆ ከተማ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እኔ ተጠልፌ የወጣሁበት አገር እሷ በደመወዝ ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ባለፈው ሰሞን ገበያ ድንች ስመርጥ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ሀርሜ፣ አንድ ሰው አለ። ካንቺ በፊት ማንም እንዲሰማ አልፈለግኩም» አለችኝ። ዘሩን ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተውኩትና «አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት።

ድንች መምረጥ ጀመረች፣ እየመረጠች ማውራት ጀመረች። ያን ቀን ድንቹ ሳይሸጥ ዋለ። ፍርሃቴ እንዳለ ነው። ግን ስታወራ ሰምቻት አልጠገብኩም።