ጂፕ የመሰለችን መኪና

መኪና ልንገዛ መሆኑ በተሰማ ሰሞን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ የመኪና አዋቂ ያልሆነ ሰው እንደሌለ ተረዳሁ። ባለ ሱቁ «ለኛ ሰፈር አቀበት ከፍ ያለ ነው የሚሻለው» አለን። የባሌ የሥራ ባልደረባ «ኤሌክትሪክ ገዝታችሁ መብራት ሲጠፋ ጉድ ትሆናላችሁ» ብሎ አስፈራራን። ከቤታችን ጀርባ ያለችው ጎረቤቴ ግን፣ መሪ ጨብጣ የማታውቀዋ፣ «የኋላ መቀመጫውን እያየሽ ግዢ፤ ፊቱን ሁሉም ያሳምረዋል» አለችኝ። ከሁሉ ምክር የሷ ገባኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ካልገባኝ እረፍት የለኝም። መኪና በሚሸጥበት ሁሉ እየዞርኩ የኋላ በር ስከፍትና ስዘጋ፣ ስገባና ስወጣ ከረምኩ። ሻጮቹ መጀመሪያ በፈገግታ ይቀበሉኛል፤ በኋላ ባሌን ወደ ዳር ወስደው «እሳቸው ምንድን ነው የሚፈልጉት?» ይሉታል።

የምፈልገው ለእናቴ የሚሆን ወንበር ነበር። እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ዝቅ ያለች ታክሲ ውስጥ መግባቱ አያቅታትም፣ መውጣቱ ግን መከራ ነው። ሚኒባስ ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብም። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ከእንጦጦ ፓርክ አለፍ ብሎ ባሕር ዛፉ መሐል ትኖራለች። ድሮ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲፈታ ሁለቱ አክስቴ ቤት አብረው ይገድፉ ነበር። ከስብራቱ በኋላ ግን ተቆራረጡ፤ የቀራቸው በስልክ መጯጯህ ብቻ ነው። እናቴ መሰበሯን ማንም ለአክስቴ እንዳይነግርባት አስምላናለች፤ ለምን እንደቀረች በተጠየቀች ቁጥር «ጉንፋን ነው» ትላለች። አክስቴም «እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች እንጂ አንድም ቀን «ልምጣ» ብላ አታውቅም። እናቴ በዚህ ተቀይማታለች። «እኔስ አቀበት ሆነብኝ እንበል፤ እሷ ቁልቁለቱን መውረድ አቃታት?» እያለች ታጉረመርማለች።

አንድ ጊዜ «ሰው ጠርተን አዝለን እናድርስሽ» ብንላት ለሳምንት አኮረፈችን። «እሷ እያየችኝ እንደ ጆንያ ተሸክማችሁ ልታራግፉኝ?» አለች። ስለዚህ ሌላው ቤተሰብ መኪና ሲገዛ ስለ ነዳጅና ስለ መለዋወጫ ሲጨነቅ እኔ የምጨነቀው እናቴ በገዛ እግሯ እህቷ ደጃፍ ላይ መውረድ መቻሏን ነበር።

በመጨረሻ የገዛናት መኪና ትንሽ ናት፣ ከፍ ያለች ናት፣ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው። የመጣች ቀን እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ ወንበሩ ልክ ዳሌዋ ላይ ደረሰ፤ ዞር አለችና እግሮቿን አስገባች። ማንም አልደገፋትም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ልጆቹ «ጂፕ! ጂፕ!» እያሉ ከበቧት፤ ጎረቤቱም ጂፕ አላት፣ እኛም ጂፕ አልናት።

ለቡራኬ የካ ሚካኤል ስንወስዳት ቄሱ ጠበል ሊረጩ ኮፈኑን አስከፈቱ። አጎንብሰው አዩና «ሞተሩ የታለ?» አሉ። ባሌ አፈረ፤ እኔ ግን ያው ጥያቄ ሲያብከነክነኝ ስለሰነበተ ደስ አለኝ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን የተደፈነውን ሳጥን ስናይ ቆየን። ቄሱ «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብለው ሳጥኑን ረጩት።

ከዚያ ወዲያ ምርመራዬ ቀጠለ። አቀበት ስትወጣ ባትሪዋ እንደሚወርድ ጠብቄ ነበር፤ ቁልቁለት ስትወርድ መልሳ እንደምትሞላ ግን ስሰማ አላመንኩም። እሱን በዓይኔ ለማየት ብቻ እንጦጦ ወጥቼ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየያዝኩ ወረድኩ፤ እውነትም ቁጥሩ ጨመረ። «አንቺ፣ መኪና ነው ወይስ መጫወቻ የገዛንልሽ?» አለኝ ባሌ። ጉድለቷንም ደረስኩበት። የኋላ መስታወቷ ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ ስሄድ የማየው ሰማይ ነው። የዕቃ ማስቀመጫዋ ከውጭ ሲታይ ሰፊ ነው፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ሲገባበት ግን በሩ አይዘጋም። ድምፅ ስለሌላት በጠባቡ መንገዳችን የሚሄድ ሰው ጀርባው ላይ እስክትደርስ አይሰማትም። የወንበሩ ላስቲክ ደግሞ ገና አልተነሳም፤ እናቴ «አዲስ ዕቃ በስንት ጉድ ተገዝቶ ይቆሽሻል?» ብላ አላስነካ አለች።

ፍልሰታ ሲፈታ እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ከኋላ ከኔ ጎን ተቀምጣ፣ የዶሮ ወጡን ድስት ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ባሌ እየነዳ ጉዞ ጀመርን። ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ እናስቀምጠው ብንላት አሻፈረኝ አለች። አቀበቱን ስንይዝ በላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተች አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ በሩ ትመጣለች። እኔ በአንድ እጄ ድስቱን፣ በሌላው እሷን እይዛለሁ። «ላስቲኩን እናንሳው?» ስላት «አርፈሽ ያዢኝ» አለችኝ። አስፋልቱን እንደ ጉድ ወጣነው።

ከአስፋልቱ ተገንጥለን ወደ አክስቴ ቤት የሚወስደው አፈር መንገድ ውስጥ ስንገባ ግን የነሐሴ ጭቃ ጠበቀን። ቤቱ እየታየን መኪናዋ ቆመች። ባሌ ሲረግጠው ጎማው በቦታው ተሽከረከረ፣ ጭቃው መስታወቱ ላይ ተረጨ።

«ፎርዊሉን አስገባው እንጂ!» አልኩት።

«የላትም።»

«ምን?»

«ፎርዊል የላትም። የፊት ጎማዋ ብቻ ነው የሚጎትተው።»

ያን ሁሉ በር ስከፍትና ስዘጋ ይህን አንድ ነገር አልጠየቅኩም። ቁመቷን አይተን፣ ስሟን ሰፈሩ ሲጠራ ሰምተን፣ ጂፕ ናት ብለን ተቀብለን ነበር። በጣም ተናደድኩ፤ በባሌ ልበል በራሴ አላውቅም።

ባሌ በሩን ከፍቶ ጎማውን ሲያይ የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ ገበሬዎች መጡና በኦሮምኛ ተነጋገሩ። አንደኛው ጎልማሳ በአማርኛ «እናትን አዝዬ ላድርሳቸው፣ መኪናውን በኋላ እንገፋዋለን» አለን። እናቴ ይህን ስትሰማ በሷ በኩል ያለውን በር ከውስጥ ቆለፈችው። «መልሰኝ» አለችው ባሌን። ድስቱን ጥብቅ አድርጋ አቅፋዋለች፤ ፊቷ ደም መስሏል። ደጃፉ ላይ ደርሰን ልንመለስ ነው።

ይህን ጊዜ አክስቴ መጣች። ምራቷ ክንዷን ይዛ በካፊያው ውስጥ ቀስ እያደረገች ታወርዳታለች። ጭቃውን ፈርታ ነው ብዬ ነበር። መኪናዋ ጋ ስትደርስ ግን እጇን ዘርግታ ኮፈኑን ነካች፤ እሱን ተከትላ ወደ መስታወቱ ዳሰሰች፣ እናቴ ከውስጥ ፊቷን አስጠግታ እያየቻት።

«በሩ የት ጋ ነው?» አለች አክስቴ።

እናቴ መቆለፊያውን ከፈተች። «እታለም፣ ዓይንሽ!»

«ሞራ ነው። በስልክ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለች አክስቴ። እኔና ባሌ ወረድን፣ እናቴም ፈቀቅ አለችላት፤ እየዳሰሰች ገብታ ከጎኗ ተቀመጠች። እጇ የእናቴ ምርኩዝ ላይ ሲያርፍ ምርኩዙን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው። «ይሄስ የማነው?»

እናቴ ምርኩዙን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ባሌ በሮቹን ቀስ ብሎ ዘጋላቸውና ሁላችንም ከውጭ ቆምን። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አያሳልፍም፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ፣ እናቴ ስታለቅስ፣ አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ስትጠርግላት ብቻ ነበር የሚታየኝ። ምን እንደተባባሉ ለማወቅ የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተ። እናቴ ድስቱን ለኔ አቀበለችኝና ያንን ጎልማሳ ጠራችው። «ና ልጄ፣ ጀርባህን ስጠኝ» አለችው። ሰውየው ቁጢጥ አለላት፤ እኛ ደግፈን አሳዘልናት። ሁላችንም አቀበቱን ጀመርን። አክስቴ በምራቷ ክንድ ላይ ሆና ከጎን ትከተላለች።

«እታለም፣ አዝሎኛል» አለቻት እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እግሬ ተንጠልጥሏል።»

አክስቴ እጇን ሰዳ እየፈለገች እግሯን አገኘችው፤ ቤት እስክንገባ አልለቀቀችውም።