ወረፋ የምትይዝልኝ

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚለውን ተረት ለልጄ ስተርትላት ነበር የከረምኩት። የትምህርት ነጥቧ መቀነስ ከጀመረ ወዲህ ማለቴ ነው። ከማን ጋር ነው የምትውዪው? ማን ነው እንዲህ ያሰነፈሽ? እላታለሁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። እኔም ዝምታዋን ጥፋቷን እንደማመን ቆጥሬ ብሶብኝ እቆጣለሁ። ያን ጊዜ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ይጣራ ቢባል መጀመሪያ መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሱቄ ማንያታ ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከሞያሌ በኬንያው ወገን። ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ክብሪት እሸጣለሁ። ሱቁን ስከፍት ከአሮጌ የሎሪ ሳንቃ አግዳሚ አሠርቼ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አስቀመጥኩ፣ ደንበኛ አረፍ ይበልበት ብዬ። ደንበኛ አንድ ቀን አላረፈበትም። ያረፉበት ሁለት ጎረቤቶቼ ናቸው። አንዷ ሰልባጅ ልብስ የምትሸጥ እኩያዬ ናት። ሌላዋ ባላቸው የሞተባቸው የቦረና አሮጊት ናቸው፤ አማርኛን ከእኛ ከነጋዴዎቹ ገበያ ውስጥ የለቀሙ፣ እኔም እማማ የምላቸው። ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ጥላው ወደ በሬ ሲዞር፣ ሁለቱም ከች ይላሉ። «ኮቱ ታኢ» ይሉኛል እማማ፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። በገዛ አግዳሚዬ ላይ እኔኑ እየጋበዙ!

እኔም እቀመጣለሁ። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ፍየል ድንበር ተሻግራ ኢትዮጵያ ወልዳ ተመለሰች፣ ግልገሏስ የየት አገር ዜጋ ናት፤ ይህን ስንል አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ተጣልቼ እገላገላቸው ነበር። ስታመም ገንፎ ይዘው የሚመጡ፣ ስስቅ የሚስቁ ሰዎች ናቸው። ደግ ሰው እንዴት አድርጎ ጊዜ እንደሚበላ የሚያውቀው የተበላበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እኔ ማንበብ አውቃለሁ። ይህን ደጋግሞ ማስረዳት ያንገሸግሸኛል፣ ካላስረዳሁ ግን ማንም አያምነኝም። አገሬ ሳለሁ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ አማርኛ ከሆነ ወፍራም መጽሐፍ ስጡኝ፣ እጨርሰዋለሁ። ስዋሂሊም እናገራለሁ፤ ሃያ ዓመት ገበያ ውስጥ ስከራከርበት ኖሬ አፌን ማን ይችለዋል? የጎደለኝ የዚህ አገር ፊደል ነው። ኤቢሲዲን እስከ መጨረሻው መዝፈን እችላለሁ፣ ፊደሎቹ ተያይዘው ቃል ሲሆኑ ግን አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። ስለዚህ ቢሮ ስገባ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ የቀለሙን ሙዳይ ወደ አውራ ጣቴ ይገፋዋል። ያችን ሙዳይ አንስቼ ግድግዳ ላይ ብፈጠፍጣት ደስ ባለኝ!

የምታነብልኝ ልጄ ነበረች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የመብራቱን መልእክት፣ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ሁሉ ለእኔ ታነባለች። አባቷ ሹፌር ነው፣ ከመንገድ አይገባም። ባለፈው ዓመት ታዲያ ትምህርት ቤቷ ነጥቧ ከበቃ ጥር ላይ ሩቅ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት እንደምትገባ ነገረን። ደስታዬን ጨርሼ ሳልውጥ ፍርሃቱ ደረሰ። ስትሄድ ማን ሊያነብልኝ ነው? የእሷን ደብዳቤስ ለማን አሳያለሁ? የሰው ፊት ከእሳት ይፋጃል። ጥር ሳይገባ በገዛ ዓይኔ ላነብ ለራሴ ቃል ገባሁ።

የጎልማሶች ትምህርት እዚህ ጉምባሩ ይባላል። ሰው ቃሉን ሲጠራው ከንፈሩ ላይ ትንሽ ፌዝ አይጠፋም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሱቄ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። ተመዘገብኩ። ለጎረቤቶቼም ነገርኩ፣ ምርቃት ጠብቄ።

«ካረጁ አይበጁ» አለች ሰልባጅ ሻጯ፣ እስክታነባ እየሳቀች።

ሰኞ ሄድኩ። ረቡዕ ደብተሬን ይዤ ስነሳ «ሙሽራዋ ምን እንዳለች ሳልጨርስልሽ?» አለችኝ፤ ሙሽራዋ ምን እንዳለች ለመስማት ቀረሁ። ምንም የረባ ነገር አላለችም። ዓርብ ደግሞ እማማ እጄን ያዙና «ኬሾ፣ ልጄ፣ ኬሾ፤ ትምህርት ቤቱ እግር የለው፣ አይሸሽ» አሉኝ። ኬሾ ነገ ነው። በዚህ ከተማ ነገ የሚባል ቀን ከሁሉም ቀን ይልቅ ሥራ ይበዛበታል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ በወር አራት ቀን ብቻ ተገኘሁ። አስተማሪያችን ልጅ እግር ናት፣ አልተቆጣችኝም። ጥቂት በጥቂት መስፈሪያው ይሞላል የሚለውን የስዋሂሊ ተረት ነገረችኝ፣ እኛ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለውን መሆኑ ነው። ልክ ናት። የእኔ እንቁላል ግን እግር አውጥቶ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ጥፋቱን አግዳሚው ላይ ጣልኩትና አንድ እሑድ ከልጄ ጋር ተሸክመን ጓሮ አስገባነው። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ሰኞ ሁለቱ መጡ፣ ባዶውን ቦታ አዩ፣ ተያይተው ሄዱ። ድሉ ግማሽ ኪሎ ስኳር እስክመዝን ድረስ ቆየ። ቀና ስል እየተመለሱ ነው፣ እያንዳንዳቸው ቢጫ የሃያ ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለው። በጎኑ አጋደሙና ቁጭ! ማታ ሲሄዱም ጀሪካኖቹን እዚያው ትተዋቸው ሄዱ። «ቦታ ይያዙልን» አሉ እማማ።

የዚህን ከተማ ጠባይ ለማያውቅ ነገሩ ቀልድ ይመስለዋል። በበጋ ወራት ቦኖው ጋ ውሃ ለመቅዳት ማንም ፀሐይ ላይ አይገተርም። ጀሪካን ነው ሰው ሆኖ የሚሰለፈው። እጀታው ላይ በታሰረው ጨርቅ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የጀሪካንን ተራ የነጠቀ ሰው የሰው ተራ እንደነጠቀ ይሰደባል። አንድ ችግር ብቻ አለው። ጀሪካን ወረፋ ይይዛል እንጂ አይራመድም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የሚገፋው እጅ ከሌለ ሌላው አልፎት ይሄዳል። የእኛን ቀይ ጨርቅ የታሰረባትን የምትገፋው ልጄ ነበረች፣ ጠዋት ጠዋት። ቦኖው በትምህርት ቤቷ መንገድ ላይ ነው፤ ገፋ አድርጋ፣ ቀድታ ለባለጋሪው ሰጥታ፣ በጊዜዋ ክፍል ትገባለች ብዬ ነበር የማስበው። አስቤ እንኳን አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ጀሪካኖቻቸው ላይ ተደላድለዋል። ንዴቴ ጢም አለ። ጓሮ ገባሁና ያችኑ ቀይ ጨርቅ የታሰረባትን ጀሪካኔን አምጥቼ መሃላቸው አጋደምኳት።

«ይኸው እኔ!» አልኩ። «ወሬውን ለእሷ አውሩላት፣ ስመለስ ትነግረኛለች።»

«ሱቁስ?» አሉ እማማ።

«እናንተ እያላችሁ ሌባ ምን አባቱ ሊሠራ ይመጣል?»

ሄድኩ። ስመለስ እማማ መደርደሪያው ኋላ ቆመው ለአንድ ባለ ሞተር ክብሪት እየሸጡ ነበር፣ ተከራክረውም አስጨምረውታል። ሰልባጅ ሻጯ ወደ ጀሪካኔ እያመለከተች «ይቺ ከአንቺ ትሻላለች፣ ሰው ሲያወራ ነገር አታቋርጥም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉምባሩ ቀርቼ አላውቅም። እንደዚያ ቀላል እንደነበር ሳስበው ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ። ያ ሁሉ ወር ምን ይዞኝ ነበር?

አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ባ ቤ ቢ ቦ ቡ ብላ ስትጽፍ እጄን አወጣሁ። ይሄማ የእኛው ገበታ ነው፣ አንድ ሆኖ የሚቆመውን ፊደል ለሁለት ከፍላችሁት ነው እንጂ! አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፣ ሃያ ዓመት በዚህ ነው እንዴ አውራ ጣቴ ቀለም ሲነከር የኖረው? ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ዓይኔ አላርፍ አለ። የሱቁን ጽሑፍ፣ የሞተሩን ጭቃ መከላከያ፣ የዱቄቱን ከረጢት እያነበነብኩ እሄዳለሁ፣ የሰው ትከሻ እየገጨሁ።

መስከረም ላይ ለአዳሪው የሚሞላ ቅጽ መጣ፣ የቆዩ የውጤት ወረቀቶቿም ይያያዙ ተባለ። ልጄ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ወጥታ ነበር። እስክትመለስ ወረቀቶቹን ከፌስታሉ አውጥቼ ላሰናዳ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዱ ላይ የስዋሂሊ አስተማሪዋ በእጁ የጻፈው መስመር አለ። ይህን አንብባልኛለች፣ አስታውሳለሁ፤ ጎበዝ ናት፣ ጸባይዋም ጥሩ ነው ይላል ብላኝ ነበር። እስቲ እኔም ልሞክረው ብዬ ጣቴን አስቀደምኩ። ኒ። ም፣ ዌ፣ ሬ፣ ቩ። ብልህ ናት! ደስ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቀጠልኩ። ላ፣ ኪ፣ ኒ።

ላኪኒ ማለት ግን ማለት ነው። ልጄ ስታነብልኝ ግን የሚባል ነገር አልነበረም።

ጣቴ ከበደኝ። ማራ ንዪንጊ፣ ብዙ ጊዜ። ሀ፣ ዩ፣ ፖ። የለችም። አሱቡሂ፣ ጠዋት። ብልህ ናት፣ ግን ብዙ ጊዜ ጠዋት የለችም። ሌላውን ወረቀት አነሳሁ፣ ያንኑ ይላል። ሦስተኛውም ያንኑ። ጠዋት ልጄ የት እንደምትሆን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ የላክኋት እኔ ነኛ። ቦኖው እኮ ከሰዓት በኋላም ይከፈታል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያኔ ሰልፉም አጭር ነው። ያን ሰዓት እኔ አግዳሚዬ ላይ ሆኜ የፍየል ግልገል ዜግነት ስወስን ነበር።

ልጄ ፎቶዋን ይዛ ስትገባ ወረቀቶቹን ፊቴ ዘርግቻቸዋለሁ። ጣቴ መስመሩ ላይ ነበር።

«ላኪኒ የሚለውን ለምን አላነበብሽልኝም?»

ጣቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አነበብሽው?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ድንጋጤም ደስታም ነበረበት። ከዚያ ቁጭ አለች። «ሰልፉ ሲረዝም ጥያት ብሄድ ያልፉናል እማ። ውሃ ሳንቀዳ ልንውል ነው። ብነግርሽ ደግሞ ትናደጃለሽ።»

«ከሰዓት አንቺ ሂጂ አትዪኝም ነበር?»

«ብዬሽ ነበር። አምና። ኬሾ አልሽኝ።»

የጊደሯ ተረት ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ፤ ስንት ቀን ነው አንገቷን አስደፍቼ የተረትኩባት? ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ለልጅ ይህን ማለት ለእኔ ቀላል አልነበረም፣ አልኩት ግን። ለፈተናዋ የቀራት ሁለት ወር ገደማ ነበር። የጠፉትን ጠዋቶች ማንም አይመልስላትም፣ ነጥቧ ይብቃ አይብቃ አይታወቅም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በማግስቱ ከእሷ ቀድሜ ተነሳሁ። ሱቁን አልከፈትኩም፤ ጀሪካኔን ከአግዳሚው ቦታ አንስቼ ቦኖ ወረድኩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩኝ «ልጅሽስ? አመማት?» አሉ። «ሹሌ» አልኩ፣ ትምህርት ቤት። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትጋረፋለች፣ ወገቤም ያለ አግዳሚ መቆም ረስቷል።

ትንሽ ቆይቶ ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ መጣች። እጇ እንደ ልማዱ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጦ የጀሪካኗን እጀታ ያዘ።

«ልቀቂ» አልኳት። «ሂጂ፣ ደወሉ ሊደወል ነው። ወረፋው የእኔ ነው።»

ቦርሳዋን አነሳች፣ አላመነችኝም። እየሄደች ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መግፋቴን ታረጋግጥ ነበር። ገፋሁ።